ክያይ መንዱንግ እስኪደርቁ

በጃዋ አቆጣጠር ሺህ ስምንት መቶ አሥራ ስምንት ዓመት፣ የሱራ ወር በገባ በመጀመሪያው አርብ፣ በሱራካርታ ከተማ ዝናብ ገና አልጣለም ነበር፤ የሶሎ ወንዝ ጎድሎ የውሃ ጎሾች እስከ ጉልበታቸው ብቻ ይነከሩበት ነበር፤ በመንገድ ዳር በቆሙት የሁመር ዛፎች ላይም አቧራው እንደ ዱቄት ተነስንሶ ነበር። በዚያ ማለዳ ከከተማው መኳንንት በአንዱ፣ በራደን ቱመንጉንግ ጆጎሱማርቶ ግቢ በር ላይ ብዙ ሕዝብ ቅልና ማሰሮ ይዞ ይጋፋ ነበር፤ የመጣውም ሩዝ ሊለምን ወይም አቤት ሊል አልነበረም፤ የልብስ እጣቢ ሊቀበል ነበር እንጂ።

ልብሱ ግን እንደ ማንኛውም ልብስ አልነበረም። ለቱመንጉንጉ ቅድመ አያት ከንጉሥ እጅ የተሸለመ፣ በሰም ተሥሎ በዛፍ ቅርፊት ቡናማና በኒል ሰማያዊ የተነከረ፣ ጎራዴ የመሰለ ሰያፍ ጥለት ያለው የጥጥ ባቲክ ነበር፤ ያንን ጥለት የንጉሥ ወገን ወይም ንጉሥ የፈቀደለት ካልሆነ በቀር ማንም በወገቡ ሊያዞረው አይደፍርም። ዕድሜው ከግቢው ሰው ሁሉ ስለሚበልጥም ስም ወጥቶለት፣ ማዕረግ ተሰጥቶት፣ «ክያይ መንዱንግ»፣ ማለትም የተከበሩ ደመና፣ ተብሎ በአንቱታ ይጠራ ነበር። ክያይ መንዱንግ በቀርከሃ ላይ ተጠቅልለው በሳጥናቸው ይተኛሉ፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሱራ ወር፣ ተነሥተው ይታጠባሉ፤ የታጠቡበትም ውሃ ለሩዝ ማሳ፣ ለመካን ሴት፣ ለታመመች ዶሮ ሳይቀር መድኃኒት ነው ተብሎ ይታመን ነበር።

አጣቢያቸው ምቦክ ሩቢየም ትባላለች። ባሏን ወረርሽኝ ከወሰደባት ጀምሮ ከማድ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል የምትኖር፣ ልጅም ዘመድም የሌላት፣ አጭርና ክብ ሴት ነበረች፤ በወሬ ደግሞ በከተማው የሚስተካከላት አልነበረም፤ ሰው ካጣች ከዶሮ ጋር ትጨቃጨቃለች ይሏታል። ታዲያ ክያይን የሚያጥብ ሰው ከዋዜማው ጀምሮ ከነጭ ሩዝና ከውሃ በቀር አይቀምስም፤ በዕለቱም ከንጋት አንሥቶ ክያይ ታጥበው እስኪደርቁ ድረስ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ ከተነፈሰ የክያይ ግርማ ከጨርቁ ተነሥቶ ይሄዳል። ጨርቁን የጎዳ እንደሆነም በጀርባ በር፣ በለበሰው ልብስ ብቻ ይወጣል፤ የቤቱ ሥርዓት ይህ ነበር። ሩቢየም ጾሙን ከምንም አትቆጥረውም፤ ዝምታው ግን በየዓመቱ ሊገድላት ምንም አይቀረው።

በዚያ ዓመት ነገሩ ከወትሮው ከበደ። ቱመንጉንጉ ለትልቅ ሹመት ታጭተው ስለነበር፣ የቤተ መንግሥቱ አልባሳት ሹም አዛውንቱ ንጋበሂ ፕሪዮሱንዶ ሽልማቱ በክብር መያዙን በዓይናቸው አይተው ለንጉሡ ሊመሰክሩ በዚያው ዕለት እንደሚመጡ ተነግሮ ነበር። የቱመንጉንጉ ወጣት ሚስት ዴን አዩ ኩስቲናህም የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘው ነበር፤ የዴን አዩ አክስት ዴን ሱማርሲ ደግሞ የገዛ ምራታቸውን በሩቢየም ቦታ ለመተካት ሰበብ ሲፈልጉ ከርመዋል።

«ተመስገን! ዛሬ እንኳ ጆሯችን ያርፋል» አሉ ዴን ሱማርሲ፣ ሩቢየም የሌራክ ፍሬ ስታሽ በላይዋ ቆመው። «ምነው ክያይን በየቀኑ ባጠብሽልን! ምን አልሽ? አልሰማሁሽም፤ ጮክ በይ እንጂ።»

ሩቢየም ለዚህ የሚሆን ጥሩ መልስ ነበራት፤ እንዲያውም ሦስት መልስ ነበራት፤ ሦስቱንም ዋጠቻቸውና ፍሬውን ማሸቷን ቀጠለች። ሌራክ እንዶድን የሚመስል አረፋ ያለው ፍሬ ነው፤ ከዋዜማው ተዘፍዝፎ በለብ ያለ ውሃ ሲታሽ አረፋው እንደ ወተት ይነሣል፤ የባቲክን ቀለም የሚያውቅለት እርሱ ብቻ ነው። በአመድ ውሃ ወይም በፈረንጅ ሳሙና የታጠበ ባቲክ ቡናማው ገርጥቶ ወባ የያዘው ሰው ይመስላል።

አረፋው ሲደርስ ሩቢየም በአዳራሹ ዳር ወደ ተዘረጋው ነጭ መጋረጃ ውስጥ ገባች፤ ክያይ ሲታጠቡ ሌላ ሰው ሊያያቸው አይገባምና። በአንገቷ ባንጠለጠለችው ቁልፍ ሳጥኑን ከፈተች፤ ከፍታም አፏን እንደ ከፈተች ቀረች። ቀርከሃው ብቻውን በአንድ ጎን ተጋድሟል፤ ክያይ መንዱንግ ደግሞ እንደ ገበያ ነጠላ ተጣጥፈው፣ ያውም ተጠቅጥቀው፣ በሳጥኑ ጥግ ተወሽቀዋል።

ያረጀ ጥጥ የሚጠቀለለው ያለ ነገር አይደለም፤ ከታጠፈ በታጠፈበት መስመር ላይ ይደክማል፤ በደከመበት ላይ ከተኛ ይሞታል። ሩቢየም ይህን ታውቃለችና ትንፋሿን ይዛ፣ ሕፃን እንደሚታጠብ በሁለት ክንዷ አቅፋ ወደ ውሃው ዝቅ አደረገቻቸው። ድምፅ እንኳ አልተሰማም፤ ክያይ መንዱንግ እንደ ራሰ ወረቀት ከመካከላቸው ለቀቁ፤ ግማሻቸው በቀኝ እጇ፣ ግማሻቸው በግራ እጇ ቀረ።

ሩቢየም ከንፈሯን ነከሰች፤ እጇን ነከሰች፤ መጋረጃውንም ነከሰች። ከዚያ ዓይኗ በአንደኛው ግማሽ ጠርዝ ላይ አረፈ። እዚያ ቅባትነት ያለው ቡናማ እድፍ ነበር፤ የቅርፊት ቡናማ ግን አልነበረም። አነሣችና አሸተተችው፤ የለውዝ ስጎ ነበር፤ በእንጨት ተሰክቶ ለሚጠበስ ሥጋ የሚሆነው ዓይነት። ዝቅ ብሎም የጨፋሪ ሴቶች የፊት ዱቄት ሽታ ነበረው። ለሳጥኑ ያሉት ሁለት ቁልፎች ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው በእርሷ አንገት፣ ሁለተኛው በጌታው በቱመንጉንጉ መቀነት። ቱመንጉንጉ ደግሞ ጥብስ ሥጋ መውደዳቸውን ሆዳቸው ከበር ሳይገባ ቀድሞ ይመሰክራል።

ከመጋረጃው ወጣች። ጌታዋን መጥራት ነበረባት፤ ሌላ ሰው ሳይሰማ፣ ሹሙ ሳይደርሱ። ከዴን አዩ ኩስቲናህ ፊት ቆማም ባለ ትልቅ ሆዱን ሰውዬ ጥሩልኝ ለማለት ሁለት እጇን ከሆዷ ፊት አውጥታ ትልቅ ክብ ሠራች። ከዚያ የደረሰውን ለማስረዳት መዳፎቿን ገጥማ ለሁለት ከፈለቻቸው፤ ሁለት ጣትም አሳየች።

በበሩ በኩል ከሕዝቡ ፊት የተገተረችው የአኩሪ አተር ቴምፔ ሻጯ ዩ ጊነም ከሁሉም ቀድማ ጮኸች፤

«ሆድ! አይታችኋል? ሆድ አሳየች! ከዚያ ሁለት!»

«ምን ሁለት?» አለ ከኋላ አንዱ።

«መንታ ነዋ፣ አንተ ደንቆሮ! ክያይ ተናገሩ! ዴን አዩ መንታ ሊወልዱ ነው!»

ዴን አዩ ኩስቲናህ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «መንታ? እዚህ ውስጥ? ለዚህ ነው ለካ እንዲህ የሚርበኝ!»

ሩቢየም ራሷን በኃይል ነቀነቀች፤ ክቡን እንደገና ሠራች፤ አሁን ግን ከአገጯ በታች የተንጠለጠለ ሌላ አገጭ ጨመረችበት።

«ደግሞ ወፍራም ናቸው!» አለች ዩ ጊነም።

የበሩ ሕዝብ እልል አለ። እልልታውን የሰሙት ቱመንጉንጉም የጥምጥማቸውን ጫፍ እየጎተቱ ወጡ፤ ምሥራቹ ሲነገራቸው ፊታቸው በራ፤ የሩቢየምን ዓይን ሲያዩ ግን መብራቱ ጠፋ። እርሷ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ እንዲገቡ አመለከተቻቸው።

«ለበረከት ነው» አሉ ቱመንጉንጉ ለሰዉ፤ ገቡም።

ሩቢየም ምንም አላደረገችም። ቀኙን ግማሽ አነሣች፤ ግራውን ግማሽ አነሣች፤ ከዚያም ያንን እድፍ ከጌታዋ አፍንጫ ሥር ያዘችው።

«የፍየል ነው» አሉ ቱመንጉንጉ በሹክሹክታ፣ ሳይጠየቁ። «አንድ ምሽት ብቻ ነው፣ ምቦክ። በወንዙ ማዶ ጭፈራ ነበር። አንድ ምቀኛዬ የአያቱን ሽልማት ለብሶ ይመጣል አሉኝ። እኔ ታዲያ ምን ለብሼ ልሂድ? ስሄድ ሁሉም ደህና ነበር፤ ስመለስ ነው መጠቅለሉ እምቢ ያለኝ። እኔ መቼ ጠቅልዬ አውቃለሁ? የራሴን ጥምጥም እንኳ ሰው ነው የሚያስርልኝ!»

የሩቢየም ፊት ቀላ፤ ጉንጮቿ ተነፉ፤ ዓይኗም ዕንባ አቀረረ። ከሃያ ዓመት በላይ ጠዋትና ማታ ካወራችው ሁሉ የሚበልጥ ንግግር በጉሮሮዋ ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እንዳትናገሪ! ደግነቱ ዛሬ አትችይም፤ ለዚህ ነው ለአንቺ የነገርኩሽ» አሉ ቱመንጉንጉ፤ ግንባራቸውንም ጠረጉ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣባቸው። «ሲደርቁ ግን... ሲደርቁ ትናገሪያለሽ?»

ሩቢየም ቀስ ብላ ራሷን ወደ ታችና ወደ ላይ አንቀሳቀሰች።

ያን ጊዜ ሌላ የሚደረግ አልነበረም። ሩቢየም ሁለቱን ግማሾች ሳትጨምቅ፣ ሳታሽ አለቀለቀቻቸው፤ መላቲ አበባ በተበተነበት ውሃም አሳለፈቻቸው፤ በአዳራሹ ጥላ ሥር በቀርከሃ ላይ የተቀደዱትን ጠርዞች ጫፍ በጫፍ ላይ ደርባ አሰጣቻቸው፤ ከሩቅ ላየው ሰው አንድ ይመስሉ ነበር። እጣቢው ወደ በሩ ሲወጣ ሕዝቡ በመንታው ደስታ ጨርሶት፣ በስተኋላ የቆሙት ገንዳውን በመዳፋቸው እየጠረጉ ፊታቸውን አራሱ።

ንጋበሂ ፕሪዮሱንዶ ደረሱ። ቀጭን፣ ለስላሳ፣ የማይቸኩሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከክያይ ፊት ለፊት በምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሻይና የኮኮናት ጣፋጭ ቀረበላቸው። ገና አንድ ጣፋጭ እንዳነሡ ዴን ሱማርሲ ወደ ቀርከሃው ተጠጉ፤ የጎራዴው ጥለት በመካከል ላይ ሳይጋጠም መቅረቱን አዩ፤ ጠርዙንም በጣታቸው ገለጥ አደረጉት።

«ተቀድደዋል!» ብለው ጮኹ። «ክያይ ተቀድደዋል! ይቺ እጀ ብረት ቀደደቻቸው! እኔ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ? ባሪያ እንደሚያጥብ ታጥባቸዋለች ብያለሁ! በጀርባ በር! አሁኑኑ!»

ንጋበሂ ጣፋጩን መለሱት።

«አጣቢዋ ትናገር» አሉ።

«መናገር አትችልም» አሉ ቱመንጉንጉ በጥድፊያ። «እስኪደርቁ ድረስ አትችልም፤ ሥርዓት ነው።»

«ሥርዓት ከሆነ እንጠብቃለን፣ ታናሽ ወንድሜ። እኔ የምሄድበት የለኝም፤ ጣፋጩም ጥሩ ነው።»

ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ በዚያ ግቢ ውስጥ ጨርቅ ከመድረቁ የሚበልጥ ጉዳይ አልነበረም። ዴን ሱማርሲ ትልቅ ማራገቢያ አስመጥተው በገዛ እጃቸው ክያይን ያራግቡ ጀመር። ቱመንጉንጉ ደግሞ በአበባ ውሃ የተሞላ የብር መርጫ አንሥተው ቆሙ።

«ለክብራቸው ትንሽ ጠብታ» አሉና ረጩ።

«ለምንድን ነው የሚረጩት? ገና መድረቃቸው እኮ ነው!» አሉ ዴን ሱማርሲ።

«ክያይ ሙቀት አይወዱም።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከዛሬ ወዲህ!» ብለው እንደገና ረጩ፤ ግማሹ በዴን ሱማርሲ ፊት ላይ አረፈ።

ዴን አዩ ኩስቲናህ በዚህ ሁሉ መካከል ወደ ሩቢየም ጠጋ ብለው፣ «ምቦክ፣ ሁለቱም ወንድ ናቸው? አንድ ጣት ለወንድ፣ ሁለት ጣት ለሴት አሳይኝ» እያሉ ይለምኗት ነበር፤ እርሷም እጆቿን ከመቀመጫዋ ሥር ደበቀች፤ ከእንግዲህ በጣት ነገር አትገባም።

ውስጧ ግን አይተኛም ነበር። እውነቱን ብትናገር ሹመቱ ይቀራል፤ ሽልማቱም ወደ ቤተ መንግሥት ይመለሳል፤ ሽልማት የሌለው ቤት አጣቢ ምን ያደርግለታል? ማድ ቤት ጀርባ ያለችው ክፍል ለሌላ ትሰጣለች። ዝም ብትልም የጀርባ በር ነው። በልቧ አንድ ንግግር አዘጋጀች፤ ጣለችው፤ ሌላ አዘጋጀች፤ በእርሱ ውስጥ ስለ ዴን ሱማርሲ አፍንጫ ረዘም ያለ ክፍል ነበረበት፤ ቅር እያላት እርሱንም ጣለችው።

የቱመንጉንጉ መርጫ ባዶ ሆነ። ቢያራግፉት ጠብታ የለም። ንጋበሂ ተነሡና የክያይን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ያዙ፤ ወደ ጉንጫቸውም አስጠጉ።

«ደርቀዋል» አሉ።

ሁሉም ወደ ሩቢየም ዞረ። የበሩም ሕዝብ አንገቱን አሰገገ። ሩቢየም አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን የዛገ ማጠፊያ ድምፅ ነበር።

«ውሃ» አለች።

ጠጣች፤ አፏን ጠረገች፤ ወደ ቱመንጉንጉም ሰገደች።

«እኔ ምን ብዬ እናገራለሁ? ሕልሙን ያዩት ጌታዬ ንዶሮ ናቸው። ንዶሮ ይናገሩት።»

«የምን ሕልም?» አሉ ዴን ሱማርሲ።

«የምን ሕ...» አሉ ቱመንጉንጉም፤ የሩቢየም ዓይን ወደ እድፉ ሲሄድ ግን አዩ። «አዎ። ሕልሙ። አየሁ። ክያይ በሕልሜ መጡ።»

«ምን ለብሰው?» ሲሉ ንጋበሂ ጠየቁ።

«ራሳቸውን... ራሳቸውን ለብሰው።»

«ተገቢ ነው። ቀጥል።»

«ለሁለት ልከፈል ነው አሉኝ። በገዛ ፈቃዴ ነው፣ ማንም አልነካኝም አሉ። በተለይ አጣቢዋ አልነካችኝም አሉ።»

«ለምን እንደሆነስ አልነገሩዎትም ንዶሮ?» አለች ሩቢየም። «ጠዋት የነገሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ? ቤቱ ሊበዛ ስለሆነ...»

«ቤቱ ሊበዛ ስለሆነ! አዎ! በረከቱም አብሮ ሊከፈል!»

«መንታዎቹ!» ብላ ዩ ጊነም ከበሩ ጮኸች፤ ሕዝቡም እንደገና እልል አለ።

«ስለ ቁልፉ ያሉዎትስ?» አለች ሩቢየም።

«ቁልፍ? ስለ ቁልፍ እንኳ...»

«ሁለተኛው ቁልፍ፣ ንዶሮ። በመቀነትዎ ያለው።»

ቱመንጉንጉ መቀነታቸውን አዩ፤ ከዚያ ቁልፉን ቀስ ብለው ፈቱት። «ሁለተኛውም ቁልፍ ለምቦክ ሩቢየም ይሰጣት አሉ። እስክትሞት ድረስ።»

«የክፍሏም ጣሪያ ይታደስ።»

«ጣሪያ አላሉም!»

«ሲነጋ ረስተውት ይሆናል። ያን ምሽት የበሉትን ቢያስታውሱ ሕልሙም አብሮ...»

«ጣሪያም ብለዋል!» አሉ ቱመንጉንጉ። «አሁን ትዝ አለኝ፤ ጣሪያ በግልጽ ብለዋል።»

ዴን ሱማርሲ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ንጋበሂ እጃቸውን አነሡ። ሽማግሌው እስከዚያ ድረስ የክያይን ጠርዝ አልለቀቁም ነበር። ሌራክ ብዙ ያነሣል፤ የለውዝ ቅባትን ግን በአንድ እጥበት አያነሣም። አሸተቱት።

«ለመሆኑ» አሉ፣ «ክያይ የለውዝ ስጎ ይወዳሉ?»

ቱመንጉንጉ ከጥምጥማቸው እስከ ጥፍራቸው ነጡ።

«እኔ አርባ ዓመት የንጉሥ ልብስ ጠብቄያለሁ» አሉ ንጋበሂ ጠርዙን በክብር እያሳረፉ። «በእኛም ዘንድ አንዳንዶቹ በምሽት በራሳቸው እግር ወጥተው ይመለሳሉ። የእኔ ሥራ መመለሳቸውን ማየት ነው። ለንጉሡ፣ አንድ ሸልመው ነበር፣ ሁለት ሆኖ አገኘሁት ብዬ እነግራለሁ፤ ውሸት አይደለም። ታናሽ ወንድሜ፣ ግማሹ በወገብህ ላይ ስለማይዞር ከእንግዲህ ክያይ የሚያድሩት በቤታቸው ነው።»

ከዚያ ወደ ሩቢየም ዞሩ። «አንቺም በርቺ። ሁለት ክያይ በአንድ ቀን አይታጠቡም፤ ከሚመጣው ሱራ ጀምሮ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው አርብ ይሁንላቸው።»

ሁለቱን ቁልፎች በአንገቷ ያንጠለጠለችው ሩቢየም አንድ የዝምታ ቀን ሁለት መሆኑን የተረዳችው ንጋበሂ በሩን ከወጡ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የተናገረችውንም ማድ ቤቱ ሁሉ ሰምቶታል፤ እዚህ ግን አይጻፍም።

ቱመንጉንጉ ተሾሙ። ዴን አዩ ኩስቲናህ ዝናቡ ሲበረታ አንዲት ወፍራም ሴት ልጅ ወለዱ፤ ዩ ጊነምም ሕፃኗን በዓይኗ ለክታ፣ ክብደቷ የሁለት ስለሆነ ክያይ አልዋሹም ስትል ፈረደች። ሩቢየም ሁለቱን ግማሾች በየራሳቸው ቀርከሃ ላይ እየጠቀለለች ብዙ ሱራ አጠበቻቸው፤ ሳትጨምቅ፣ ፀሐይ ሳታሳይ፣ በአዲስ ጣሪያ ሥር አርጅታም ሞተች።

የዚያ ቤት ታሪክ በኋለኛው ዘመን ሲጻፍ የቅድመ አያቱ ጦርነት፣ የንጉሡ ሽልማትና የቱመንጉንጉ ሹመት በሰፊው ተተረከ፤ ክያይ መንዱንግ በገዛ ፈቃዳቸው ለሁለት የተከፈሉበት አርብም በውብ ፊደል ሰፈረ። ያ ስስ ጥጥ ከነቀለሙ አራት ትውልድ የተሻገረው በማን መዳፍ እንደሆነ ግን ጸሐፊው አልጠየቀም፤ የጦረኞችን ስም ለሚቆጥር ሰው የእጣቢ ነገር ትንሽ ሆኖ ይታየዋል። የሩቢየምም ስም አልተነሣም። ስለ እርሷ የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እርሱም፣ «በዚያ ቀን አጣቢዋ ምንም አልተናገረችም» ይላል።